ስለ ደም ሕዋሳት ቍጥርና ስለ ሳንባ ካንሰር

የሰው ደም በዐይን ሲያዩት አንድ ወጥ የሆነ ቀይ ፈሳሽ ይመስላል። ነገር ግን ከእርሱ አንዲት ጠብታ ወስደው፥ በመስተዋት ላይ ስስ አድርገው ቀብተው፥ በአጉሊ መነጽር የተመለከቱት እንደ ሆነ፥ ቅርጻቸውም ሥራቸውም የተለያየ ጥቃቅን ሕዋሳት ተሰብስበውበት ይታያሉ። ሕዋስ ማለት ቤት በድንጋይ ተደራርቦ እንደሚሠራ፥ ሥጋችን ሁሉ የተሠራበት ታናሽ ሕያው ክፍል ነው። እነዚህን የደም ሕዋሳት መቍጠር ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚደረግ፥ ዋጋውም የቀለለ ሥራ ነው። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን ሐኪሞች ይህን ተራ ቍጥር፥ የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ሕመሙ ወዴት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ ለመገመት ይመረምሩት ጀመር። ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ፥ ለኢትዮጵያዊ ሰውም እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ከዚህ በታች ይገለጻል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቋንቋችን «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ቲቢን ነው። ቲቢ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ በሚተላለፍ ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ፥ መድኃኒቱን በትክክል ለወሰደም የሚድን ሕመም ነው። ካንሰር ግን ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ የሰውነቱ የገዛ ሕዋስ ሥርዓቱን ትቶ ያለ ልክ ሲባዛ፥ አጠገቡ ያለውን ሲያጠፋ፥ በደምም ተጕዞ በሌላ ብልት ላይ ሲተከል የሚሆን ደዌ ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም ያስላሉ፥ ያከሳሉ፥ ደም ያስተፋሉ። ስለዚህ በአገራችን የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ይከርምና፥ ወደ ካንሰር ሐኪም የሚደርሰው ደዌው ከሰፋ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ሕመም ካንሰር የሚለው የውጭ ቃል የተመረጠው ይህ መደናገር እንዳይደገም ነው።

በዓለም ሁሉ ከካንሰር ዐይነቶች ብዙ ሰው የሚገድለው የሳንባው ነው። በ2022 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ መያዛቸው፥ 1.8 ሚሊዮን ያህል መሞታቸው ተገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከምክንያቱ ዋነኛው የትንባሆ ጢስ መሆኑ ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ በግልጽ ታውቋል። በአዲስ አበባም በካንሰር የሚታመሙትን ሰዎች በመዝገብ አስገብቶ መቍጠር በ2011 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሯል።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ፥ በአዲስ አበባ ከተማ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ አናጢ ለምሳሌ ይታሰብ። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ከቡልጋሪያ መንግሥት ኤምባሲ ነው። አናጢው ዕድሜው 58 ዓመት ሆኖ፥ ከጕልማሳነቱ ጀምሮ ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ፥ አራት ወር ሙሉ ሳል አልለቀው ያለ ሰው ነው። ከሰፈሩ ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል አልፎ ወደ ጥቁር አንበሳ ይሄዳል፤ ሐኪሞችም ከሳንባው ጥቂት ሥጋ በመርፌ ወስደው፥ መርምረው ካንሰር መሆኑን ያረጋግጣሉ። ከዚህ በኋላ ደሙ ይቈጠራል። ሴት ልጁ የቍጥሩን ወረቀት ተቀብላ ስትመለከት፥ በአንዳንዱ ቍጥር አጠገብ ወደ ላይ፥ በአንዳንዱም አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ታገኛለች። በልማዳችን ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ለዘመድ ይነገራል እንጂ። ስለዚህ አባቷን በወንበር ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ትመለስና «ዶክተር፥ ይህ ቍጥር አባባ ይተርፋል ነው የሚለው፥ ወይስ አይተርፍም?» ብላ ትጠይቃለች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በደም ውስጥ የሚቈጠሩት ሦስት ወገን ናቸው። አንደኛው ቀይ ሕዋስ ነው፤ ሥራውም ከሳንባ ኦክስጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ተሸክሞ ወደ ሰውነት ሁሉ ማድረስ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም፥ ይኸውም ቁመቱም ወርዱም ከፍታውም አንድ ሚሊሜትር በሆነ ስፍር ውስጥ፥ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋስ ይገኛል፤ እያንዳንዱም 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል። ሁለተኛው ፕላትሌት የሚባለው፥ ቁስል ሲደርስ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነው፤ በዚያው ስፍር ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይደርሳል። ሦስተኛው ነጭ ሕዋስ፥ ማለት የሰውነት ወታደር ነው። እርሱም በመጻሕፍት እንደ ተጻፈው ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ነው።

ነጭ ሕዋስም ራሱ አምስት ዐይነት አለው፤ ለዚህ ነገር የሚያስፈልጉት ግን ሁለቱ ናቸው። ኒውትሮፊል የተባለው አደጋ በደረሰበት ፈጥኖ የሚሮጥ፥ ያገኘውን ተሕዋስ የሚውጥ፥ ዕድሜው አጭር የሆነ ነው። ሊምፎሳይት የተባለው ደግሞ ጠላቱን ለይቶ የሚያውቅ፥ አንድ ጊዜ ያየውንም ለብዙ ዘመን የሚያስታውስ ነው፤ ከመንገድ የወጣውን የካንሰር ሕዋስ ለይቶ የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ወገን ነው። በጤነኛ ሰው ከመቶው ነጭ ሕዋስ ከ40 እስከ 70 ያህሉ ኒውትሮፊል፥ ከ20 እስከ 40 ያህሉ ሊምፎሳይት ይሆናል።

ደምን መቍጠር የቈየ ጥበብ ነው። ካርል ፊሮርት የተባለ የጀርመን ሐኪም በ1852 ዓ.ም. የደም ሕዋሳትን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ቈጥሮ ቍጥራቸውን ጻፈ፤ አንዱን ቈጠራ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ከእርሱ በኋላ ጳውሎስ ኤርሊክ በልዩ ልዩ ቀለም እየነከረ የነጭ ሕዋሳትን ዐይነት ለየ። ዛሬ በየላቦራቶሪው ያለውን መኪና ያስገኘው ግን ዋላስ ኩልተር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የባለቤትነት ማረጋገጫውንም በ1953 ዓ.ም. ተቀበለ። የመኪናው ብልሃት እንዲህ ነው። ደሙ በጨው ውሃ ተበጥብጦ እጅግ በጠበበች ቀዳዳ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ በቀዳዳዋም ኤሌክትሪክ ይመላለስባታል። አንድ ሕዋስ ባለፈ ቍጥር ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ይታገድና መኪናው «አንድ» ብሎ ይቈጥራል፤ ሕዋሱ ትልቅ ከሆነም እገዳው ይበረታል፤ በዚህም መጠኑ ይታወቃል። ኩልተር መጀመሪያ ሲሞክር ቀዳዳዪቱን የበሳት የሲጋራ ፓኮ በሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ላይ በጋለ መርፌ ነው ይባላል። ብዙውን የሳንባ ካንሰር የሚያመጣው ሲጋራ መሸፈኛው ለዚህ በጎ ሥራ መዋሉ የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ በሳንባ ውስጥ ያለ እባጭ በክንድ በተቀዳ ደም እንዴት ይታወቃል? የጀርመኑ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾው በ1863 ዓ.ም. በካንሰር እባጭ ውስጥ ነጭ ሕዋሳት ተሰግስገው አየና ካንሰርና የቁስል ብግነት ዝምድና አላቸው ብሎ ተናገረ። በኋላ የመጡት መርማሪዎች የዝምድናውን መንገድ ገለጡት። እባጩ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ወደ ደም መልእክት ይሰዳል፤ መልእክቱም በአጥንት ውስጥ ያለው መቅን ኒውትሮፊልን አብዝቶ እንዲያወጣ ያዝዛል። የወጡትም ኒውትሮፊሎች ተሕዋስን እንደሚያጠፉ ካንሰሩን አያጠፉትም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ለእባጩ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለት ይረዳሉ፥ ሊምፎሳይቶችንም ከሥራቸው ያግዳሉ። ለጥበቃ የተጠራው ዘበኛ ለሌባው በር እንደሚከፍትለት ማለት ነው። ስለዚህ ደዌው ሲበረታ ኒውትሮፊል ይበዛል፥ ሊምፎሳይት ያንሳል።

የፕላትሌትም ነገር እንዲሁ ነው። ከእባጩ ተለይቶ በደም ውስጥ የሚጓዘውን የካንሰር ሕዋስ ፕላትሌቶች ይከቡትና እንደ ካባ ይሸፍኑታል፤ በዚህም ከወታደሮቹ ዐይን ይሰወራል። ደምም ያለ ቁስል በሥር ውስጥ ይረጋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አስቀድሞ ያስተዋለው አርማንድ ትሩሶ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ነው። እርሱም በ1865 ዓ.ም. በውስጥ ካንሰር የተያዙ ሰዎች ደማቸው በሥራቸው ውስጥ እንደሚረጋ አስተማረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላም ያው ምልክት በገዛ ሰውነቱ ላይ ታየበት፤ ትርጕሙንም ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቅ ነበርና መሞቱ እንደማይቀር ተረዳ። በ1867 ዓ.ም. በሆድ ካንሰር ሞተ። በደም ላይ የታየ ምልክት የሕመምን ፍጻሜ አስቀድሞ እንደ ተናገረ ከሚጠቀሱት ታሪኮች ይህ አንዱ ነው።

ቀይ ሕዋስም ከዚህ አያመልጥም። ሕመሙ ሲቈይ መቅኑ ቀይ ሕዋስ መሥራት ይሰንፋል፤ ሰውየውም ደም ያንሰዋል። የቀይ ሕዋሳቱም መጠን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ እየሆነ ይዘበራረቃል፤ መኪናው ይህንንም ይለካል፤ መዘበራረቁ የበዛበት ታማሚም ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የጸና ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ከነዚህ ቍጥሮች መካከል ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት የማካፈል ሒሳብ ነው። ሮማን ዛሆሬክ የሚባል የስሎቫክያ ሐኪም በጽኑ የታመሙ የካንሰር ሕሙማንን ሲያስታምም፥ ኒውትሮፊል ሲወጣ ሊምፎሳይት እንደሚወርድ ተመልክቶ፥ አንዱን በሌላው ማካፈል የሕመሙን ብርታት የሚያሳይ ቀላል መለኪያ ነው ብሎ በ2001 ዓ.ም. ጻፈ። ሒሳቡን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። አንድ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም 6,300 ኒውትሮፊልና 1,800 ሊምፎሳይት ቢኖረው፥ 6,300 ለ1,800 ሲካፈል 3.5 ይሆናል። በጤነኛ ሰው ይህ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው መካከል ነው። በሳንባ ካንሰር በታመሙት ላይ በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች፥ ድርሻው ከፍ ያለበት ሰው ድርሻው ዝቅ ካለበት ይልቅ ዕድሜው አጭር መሆኑን አሳይተዋል።

ከነዚህም ምርመራዎች አንዱ በፈረንሳይ አገር በቪልዡይፍ ካለው የጉስታቭ ሩሲ የካንሰር ሆስፒታል ተነሥቶ በ2018 ዓ.ም. የታተመው ነው። መርማሪዎቹ ሁለት ነገር አጣመሩ። አንደኛው ኒውትሮፊል ከነጭ ሕዋስ ጠቅላላ ተቀንሶ ለቀረው ሲካፈል ከ3 ይበልጥ እንደ ሆነ፥ ሁለተኛው ኤል ዲ ኤች የሚባለው ከሞቱ ሕዋሳት የሚፈስ ንጥረ ነገር ከልኩ አልፎ እንደ ሆነ ነው። ሁለቱም የሌሉበት ታማሚ በመልካም ወገን፥ አንዱ ያለበት በመካከለኛ፥ ሁለቱም ያሉበት በክፉ ወገን ተመደበ። ሁሉም ደዌአቸው የሰፋ፥ የሰውነትን ወታደር የሚያነቃቃውን አዲስ መድኃኒት የወሰዱ ነበሩ። በመጀመሪያው ጉባኤ ታማሚዎች የክፉው ወገን የዕድሜ እኩሌታ 3 ወር፥ የመካከለኛው 10 ወር፥ የመልካሙ 34 ወር ሆኖ ተገኘ።

«የዕድሜ እኩሌታ» የተባለውን ነገር አንባቢ በጥንቃቄ ያስተውል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። የአንድ ወገን ታማሚዎች እንደ ዕድሜአቸው ርዝመት በሰልፍ ቢቆሙ፥ በመካከል የቆመው ሰው የኖረበት ዘመን ማለት ነው። እኩሌቶቹ ከእርሱ በፊት ሞተዋል፤ እኩሌቶቹ ግን ከእርሱ በኋላ፥ አንዳንዶቹም ብዙ ዘመን ኖረዋል። እንግዲህ «3 ወር» የሚለው ቃል ሰልፉን ይገልጣል እንጂ በሰልፉ ውስጥ ያንድ ሰው ስፍራ የት እንደ ሆነ አይናገርም። ደግሞም መርማሪዎቹ መለኪያው የሚያገለግለው ለዚያ አዲስ መድኃኒት ብቻ መስሏቸው ነበር፤ በ2019 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች የብዙ ታማሚዎችን መዝገብ አጣምረው ሲመለከቱ፥ በሌላ መድኃኒት በታከሙትም ላይ ያው ልዩነት ታየ። ስለዚህ ቍጥሩ የሕመሙን ብርታት ይጠቍማል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ግን አይመርጥም።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ዐይነት ማካፈል ይታወቃል። የታመመው ሰው ስምና የእናቱ ስም ፊደል በቍጥር ይደመርና በ12 ይገደፋል፤ በቀረውም ቍጥር ኮከቡ ይወጣል፤ ከዚያም ይድናል ወይም ይሞታል ተብሎ ይነገራል። ይህን የሚያውቅ ሰው የሐኪሙም ማካፈል እንደዚያ ያለ ነገር ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ሁለቱም ቍጥር ናቸው፥ ሁለቱም ወደፊት ስለሚሆነው ይናገራሉ። ልዩነቱ በማካፈሉ ላይ አይደለም። ልዩነቱ፥ የደሙን ድርሻ ያወጡት ሰዎች የእያንዳንዱን ታማሚ ቍጥር አስቀድመው በመዝገብ ጽፈው፥ ታማሚው እስኪሞት ወይም እስኪድን ጠብቀው፥ የተናገሩት የደረሰበትንም ያልደረሰበትንም ቈጥረው ማሳየታቸው ነው። ያልደረሰውን የማይጽፍ ሒሳብ ሁልጊዜ እውነተኛ ይመስላል። በዚሁ ሚዛን ደግሞ የሐኪሞቹም ቍጥር ሊመዘን ይገባዋል፤ መዝገቡ የተጻፈው በማን ደም ላይ ነው? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

መልሱ፥ አብዛኛው መዝገብ የተጻፈው በአውሮፓ፥ በአሜሪካ፥ በቻይናና በጃፓን ሰዎች ደም ላይ ነው የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሰው ደም ግን በሁሉ ነገር ከነዚያ ጋር አንድ አይደለም። ከአፍሪካ ሕዝብ ብዙዎች በቀይ ሕዋሳቸው ላይ ደፊ የሚባለው ምልክት የላቸውም፤ ይህም ከጥንት ጀምሮ ቫይቫክስ ከሚባለው የወባ ዐይነት ሲጠብቃቸው የኖረ የዘር ውርስ ነው። ምልክቱ የሌለው ሰው በደሙ ውስጥ የሚቈጠረው ኒውትሮፊል ከሌላው ያነሰ እንደሚሆን በ2009 ዓ.ም. ተረጋግጧል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰውየው ጤነኛ ነው፥ ተሕዋስንም እንደማንኛውም ሰው ይመክታል። ከኢትዮጵያውያንም ከፊሉ ይህ ውርስ አላቸው፥ ከፊሉ የላቸውም፤ ፊታቸውን አይቶ መለየት ግን አይቻልም።

የሊምፎሳይትም ነገር እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1999 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ከ400 የሚበልጡ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የፋብሪካ ሠራተኞች ደም ተቈጥሮ፥ ሲ ዲ ፎር የሚባለው የሊምፎሳይት ዐይነት ከኔዘርላንድ ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በቀይ ሕዋስ በኩል ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር በሰሜን ተራሮች ታይቷል። ከፍ ባለ ተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች ቀይ የሚያደርገው የደም ክፍል ሄሞግሎቢን ይበዛባቸዋል። በ2002 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ግን በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በአምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፥ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ያለ መሆኑን ገለጠ። እንግዲህ ደጋ ስለ ሆነ ደሙ ይህን ያህል መብዛት አለበት ብሎ ከሌላ አገር በመጣ ልክ የሚፈርድ ሰው፥ ጤነኛውን ደገኛ ደም ያነሰው ነው ሊለው ይችላል።

ይህ ነገር በሁለት በኩል ጕዳት ያመጣል። መጀመሪያው ግምቱን ያዛባል፤ እንዴት እንደሚያዛባውም በኋላ በአናጢው ቍጥር ይታያል። ሁለተኛው ግን ከግምት የከፋ ነው፤ መድኃኒት ያስቀራል። የካንሰር መድኃኒት ኬሞቴራፒ ነጭ ሕዋስን ስለሚያጠፋ፥ በየሦስት ሳምንቱ ወይም በሌላ ቀጠሮ ከመሰጠቱ በፊት ደም ይቈጠራል፤ በብዙ ሥርዓት ኒውትሮፊሉ ከ1,500 በታች የሆነበት ሰው «አልደረስክም» ተብሎ ቀኑ ይተላለፍበታል፥ ወይም መድኃኒቱ ይቀነስበታል። ከመወለዱ ጀምሮ 1,400 ይዞ በጤና የኖረ ሰው፥ ደሙ ምንም ሳይጐድል በዚህ ደንብ መድኃኒቱ ይዘገይበታል። ካንሰሩ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ከገጠር መጥቶ በዘመድ ቤት ተጠግቶ ለሚታከም ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት መዘግየት ማለት ስንቅም ገንዘብም ማለቅ ነው፤ አንዳንዱም ተስፋ ቈርጦ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ከዘር ውርስ ሌላ ቍጥሩን የሚያዛቡ ነገሮች ብዙ ናቸው። የሳንባ ምች ወይም ሌላ ትኩሳት በያዘው ቀን ደሙ የተቀዳ ሰው ኒውትሮፊሉ ከካንሰሩ የተነሣ ሳይሆን ከትኩሳቱ የተነሣ ይበዛል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው የብግነት መድኃኒት ደግሞ ኒውትሮፊልን ከፍ፥ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ደሙ የተቈጠረ ሰው ድርሻው በአንድ ቀን ሊወጣ ይችላል። ኤች አይ ቪ ሊምፎሳይትን ይቀንሳል፤ ቲቢም ቍጥሩን ያናውጣል፤ ሁለቱም በአገራችን የታወቁ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን በተቀዳ አንድ ደም ላይ መፍረድ፥ በአንድ ቀን ዝናብ ክረምቱን እንደ መገመት ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ የደም ቍጥር ካንሰር መኖሩንና አለመኖሩን ፈጽሞ አይናገርም። ያንን የሚያረጋግጠው ከእባጩ የተወሰደው ሥጋ ነው። ደዌው ምን ያህል እንደ ሰፋ፥ ታማሚውም በእግሩ መሄድ ቢችል ወይም አልጋ ላይ ቢውል፥ ከደም ድርሻ ይልቅ ብዙ ነገር ያስረዳሉ።

እንግዲህ የአናጢው ልጅ የያዘችውን ወረቀት መመልከት ይቻላል። ወደ ታች የሚያመለክተው ቀስት ያለው በሄሞግሎቢኑ አጠገብ ነው፤ ደም አንሶታል። ወደ ላይ የሚያመለክተው በፕላትሌቱ አጠገብ ነው፤ 470 ሺህ ሆኗል። በኒውትሮፊሉና በሊምፎሳይቱ አጠገብ ግን ምንም ቀስት የለም። ኒውትሮፊሉ 3,600፥ ሊምፎሳይቱ 1,500 ነው፤ ሲካፈልም 2.4 ይሆናል። በውጭ አገር መጽሐፍ ልክ ይህ መልካም ቍጥር ነው፤ ልጅቱም በዚህ ልትጽናና ትችላለች።

ሐኪሙ ግን አባቷ ከዚህ በፊት ደሙ ተቈጥሮ እንደ ሆነ ይጠይቃታል። እርሷም ወደ ቡልጋሪያ ተመልሳ፥ ከቁም ሣጥን ሥር የተቀመጠውን የወረቀት ከረጢት ገልብጣ፥ አባቷ ከስድስት ዓመት በፊት ለሥራ ሲቀጠር የተመረመረበትን ያረጀ ወረቀት ታገኛለች። በዚያ ጊዜ ጤነኛ ነበር፤ ኒውትሮፊሉ 1,600፥ ሊምፎሳይቱ 2,000 ነበር፤ ድርሻው 0.8 ነው። እንግዲህ የዛሬው 2.4 በመጽሐፉ ልክ ዝቅተኛ ቢሆንም፥ ከአናጢው ከራሱ ከቀድሞው ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ነው። ቀስት ያልተደረገበት ቍጥር ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ቍጥር ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሙ ሁለቱን ቍጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጽፋል። ትኩሳት እንዳለበት፥ ዴክሳሜታዞንም ወስዶ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ሁለቱም የሉም። ደሙ ከአንድ ሳምንት በኋላ ዳግመኛ እንዲቈጠር ያዝዛል። በመዝገቡም ራስጌ ላይ «ጤነኛ ሳለ የነበረው ኒውትሮፊል 1,600 ነው» ብሎ ይጽፍበታል፤ ይኸውም ኬሞቴራፒው ከተጀመረ በኋላ ቍጥሩ ወደ 1,400 ቢወርድ፥ ተረኛው ሐኪም ዝም ብሎ በደንቡ ከመመለሱ በፊት እንዲያስብበት ነው። ለልጅቱም «ይተርፋል ወይም አይተርፍም የሚለውን ይህ ወረቀት አይነግረኝም፤ ሕመሙ ወረቀቱ ከሚያስመስለው የበረታ መሆኑን ግን ነግሮኛልና ሕክምናውን ሳንዘገይ እንጀምር» ይላታል። እርሷም ያረጀውንና አዲሱን ወረቀት አንድ ላይ አጣጥፋ በከረጢቱ ውስጥ ትመልሳቸዋለች፤ አባቷም ከወንበሩ ተነሥቶ «ምን አሉሽ፥ ልጄ?» ይላታል።